ሁለት ክራር፣ አንድ መዋጮ

ገንዘብ ያነሰው ሰው መምረጥ አይቸግረውም የሚል አስተሳሰብ አለ። ባለጠጋ ገበያ ሲወጣ ዐይኑ ይቅበዘበዛል፤ ድኻ ግን ኪሱ የፈቀደለትን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ባለጠጋ የገዛው ነገር ባይስማማው ሌላ ይገዛል። ድኻ የሚመርጠው አንዴ ነው። ስለዚህ ከማንም ይልቅ ማገላበጥ፣ መጠየቅና መመርመር ያለበት እርሱ ነው። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አግኝተነው ሳይሆን፣ ባለፈው ጊዜ በ9,400 ሽልንግ ከሁለት ክራሮች አንዱን ለመግዛት አራት ቀን ሙሉ ስለ ተጨነቅን ነው።

«አራት ቀን ለአንድ ክራር!» ብሎ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ግን ሒሳቡን ይስማ። 9,400 ሽልንግ ማለት 47 ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ሽልንግ ያዋጡት ነው። ከነዚህ ውስጥ 200ውን በአንድ ጊዜ የከፈሉት ከ10 አይበልጡም። የቀሩት በ50፣ በ20 እየቆራረጡ ነው የጨረሱት። መዝገቡንና ገንዘቡን የያዙልን ቡና በማፍላት የሚተዳደሩት እናታችን ናቸው። ሳንቲሙን በላስቲክ ቋጥረው በባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ አምስት ወር ጠበቁት። ራሽን ከቀነሰ ወዲህ 200 ሽልንግ ለብዙ ቤት የአንድ ቀን እራት መሆኑን ለካኩማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ደግሞም ሁላችን የምናውቀው የካምፕ ኑሮ ሕግ አለ፤ አንዴ የከሸፈ መዋጮ ሁለተኛ አይሰበሰብም። ክራሩ በሁለት ወሩ ቢሰበር የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ነገ ለጠመኔ፣ ለደብተር፣ ወይም ለታመመ ሰው መጓጓዣ «እናዋጣ» ስንል የሚሰማን ጆሮም አብሮ ይጠፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። እኛ 47 ስለ ነበርን ሦስት ሎሚ ጎድሎብን ነበር፤ ቢሆንም ነገሩ ጌጥ ሆኖ እንዲቀር እንጂ ሸክም እንዲሆን አልፈለግንም።

ለመሆኑ ክራር ለምን? በየቅዳሜ ማታ ልጆች እየሰበሰብን ፊደል፣ ንባብና መዝሙር እናስተምራለን። መዝሙሩን እስከዚያ ቀን ድረስ በጭብጨባ ብቻ ነበር የምናስኬደው። አንድ ማታ ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ተናግረን ስናበቃ «እስቲ ክራር ሥሉ» አልናቸው። 26 ልጆች ነበሩ። 19ኙ ጊታር ሥለው አመጡ። ክራር የሣሉትም ቢሆኑ ስንት ክር እንዳለው አያውቁም፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አሥራ ሁለት አደረገው። ልጆቹ አልሰነፉም። እዚሁ ተወልደው ክራርን የሚያውቁት በስልክ ከሚሰማ ዘፈን ነው። በስልክ ውስጥ ያለ ክራር ደግሞ ይሰማል እንጂ አይታይም፣ አይዳሰስም። እንደ አስናቀች ወርቁ፣ እንደ ካሳ ተሰማ፣ እንደ ሜሪ አርምዴ ያሉት የክራር ጌቶች በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ብቻ ሰውን ከመቀመጫው ሳያነቃንቁ ያቆዩ እንደ ነበር ብንነግራቸው፣ ለልጆቹ ተረት ነው። አስናቀች በ2011 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ከነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ገና አልተወለዱም።

ከአዋጪዎቹ መካከል «ለልጆች ከሆነስ በገና ይሻላል፤ ክራር የዘፋኝ መሣሪያ ነው» ያሉ አንድ አባት ነበሩ። ንግግራቸውን የምናቃልለው አይደለም። በአገራችን በገና ከዳዊትና ከዐቢይ ጾም ጋር፣ ክራር ደግሞ ከጠላ ቤትና ከፍቅር ዘፈን ጋር ተያይዞ የኖረ ነው፤ «የሰይጣን መሣሪያ» ያሉትም ነበሩ። ነገር ግን በገና 10 ክር አለው፣ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም ከአቅማችን በላይ ነው። ክራር 6 ክር ብቻ ይዞ በልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል። ደግሞም በቅዳሜው ክፍላችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አለ፤ ስለ ትውልድ አገር፣ ስለ እናት፣ ስለ ዝናብ የሚዘፈን ለሁሉም ይሆናል። አባታችንም «እንግዲያስ የሚዘፈነውን ቃል እኔ አይቼ ላጽድቅ» ብለው 200ውን ሰጡ፤ እስከ ዛሬም ቃሉን ያያሉ።

ክራሮቹን ያመጣልን ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ ሰፈር፣ ዕቃ እያመላለሰ የሚነግድ ወንድማችን ነው። ሁለት ክራር አምጥቶ በቡና ቤቱ አግዳሚ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለን፤ «ዛሬ እሑድ ነው፤ ሐሙስ ማለዳ እመለሳለሁ። አንዱን ትገዛላችሁ፣ ሌላውን እንደ ሰጠኋችሁ አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ»። ይህ ቸርነት ነው። ብዙ ገበያ ላይ ዕቃ የሚመረጠው በቆመ እግር ነው።

የመጀመሪያው ክራር የቀድሞው ዓይነት ነበር። ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በፍየል ቆዳ ተለብዷል። ሁለቱ ምሰሶዎች ከገበቴው ወጥተው ላይ ቀንበሩን ይሸከማሉ። መቃኛ የለውም፤ ክሮቹ በቀንበሩ ላይ ከጨርቅና ከጠፍር ጋር ተጠምጥመዋል፣ ሲቃኝ ጥምጥሙ በእጅ ጉልበት ይዞራል። ዋጋው 6,000 ሽልንግ ነው። ሁለተኛው ሣጥን ክራር ነው። ሆዱ ከኮምፔንሳቶ በኮላ ተጣብቆ የተሠራ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ቀንበሩ ላይ ባለ ጥርስ የጊታር መቃኛ ተተክሎለታል። በጎኑም ከድምፅ ማጉሊያ ጋር የሚያገናኝ ፒክአፕ አለው። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ዋጋው 9,000 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ሣጥኑን ብንገዛ 400 ሽልንግ ይተርፈናል፤ ባለ ቆዳውን ብንገዛ 3,400።

በመጀመሪያው ቀን ጆሮ እንዲፈርድ አደረግን። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይመቱ የነበሩ አንድ ጋሼ ሁለቱንም በአንድ ቅኝት ቃኙልን። 14 ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲቀመጡ አደረግንና ያንኑ ዜማ በሁለቱም ተጫወቱ፤ መጀመሪያ በግርፍ፣ ቀጥሎ በድርድር። ባለ ቆዳው ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ከአፍ እንደ ወጣ ቶሎ የሚያልቅ ነው። የሣጥኑ ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ክሩ ከተነካ በኋላም የሚቆይ ነው። «የትኛው ይሻላል?» ስንል 11ዱ ሣጥኑን መረጡ። ቡና አፍዪዋ እናታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ «የመጀመሪያው ሰው ይመስላል» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ልጆቹን ጠራን። ክራር ላላወቀው ሰው እጅ እንዴት እንደሚሠራ እዚህ ላይ እንናገር። ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ። ዜማውን የሚያወጣው ጣት ከክሩ ሲነሣ ነው። በድርድር ጊዜ ግን ጣቶቹ ክሩን አንድ በአንድ ይነቅሳሉ። ልጆቹ ይህን በሁለቱም ክራር ላይ ሞክረው ልዩነት አላገኙበትም። ልዩነቱ የመጣው በመቃኘቱ ላይ ነው። ክራር 5 ድምፅ ይይዛል፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በቀጭን ይደግማል። ስለዚህ ዘፈኑ ቅኝት ሲለውጥ ክሩም አብሮ መለወጥ አለበት። ሜጀር ትዝታ፣ ማለት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ወደ ማይነር ትዝታ እንዲዞር ሚና ላ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት አለባቸው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ይህን በሣጥኑ ክራር ላይ መቃኛውን በሁለት ጣቷ እያዞረች በአፍታ ጨረሰችው። በባለ ቆዳው ላይ ግን ጥምጥሙን ለማዞር ሁለት እጇን፣ ጥርሷንም ጭምር ብትሞክር እምቢ አላት። ሣጥኑ ሁለተኛውንም ፈተና አለፈ።

ሦስተኛው ቀን የሙቀት ቀን ነበር። ሁለቱንም ማለዳ በቀዝቃዛው ቃኝተን በጥላ ሥር ሰቀልናቸው። እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮው ጣራ መጮኽ ሲጀምር ሄደን ነካናቸው። ሣጥኑ እንደ ተቃኘ ነው። ባለ ቆዳው ግን ክሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ሸሽተዋል፤ ሁሉም እኩል ስላልሸሹ ደግሞ ዜማው ተጣሟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆዳ ሲደርቅ ይወጠራል፤ ሲወጠርም ክሮቹ ያረፉባትን በርኩማ ወደ ላይ ገፍቶ ክሩን ያከርራል። ዝናብ ሲመጣና አየሩ ሲርስ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። በካኩማ ሙቀት ይህ የየቀኑ ሥራ ነው። እንግዲህ ሣጥኑ ሦስት ለባዶ መርቷል። በዚያ ማታ ነገሩ አልቋል ብለን ልንተኛ ነበር።

በአራተኛው ቀን የቀረን «ቢሰበርስ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። የክር ነገር አላስጨነቀንም፤ ለሁለቱም ናይለን ክር ይሆናቸዋል። ከቱርካና ሐይቅ የደረቀ ዓሣ የሚያመጡት ነጋዴዎች የዓሣ ማጥመጃ ናይለኑንም በተለያየ ውፍረት ይሸጣሉ። ሌላውን ለማወቅ ሁለቱንም ክራሮች ተሸክመን ወደ ጎረቤታችን ኮንጎያዊው አናጢ ዘንድ ሄድን። ሁላችን «ፉንዲ» የምንለው ነው። ፉንዲ ክራር አይቶ አያውቅም። ሣጥኑን አንሥቶ በጣቱ አንኳኳ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዞረ። ከስድስቱ አንደኛው ጥርሱ ተበልቶ ይንሸራተት ነበር። «ይህ ቢሄድ እኔ ምንም አላደርግለትም፤ ብረት ነው፣ ከናይሮቢ ይመጣል። ሆዱም በኮላ የተያዘ ነው፤ የዚህ አገር ሙቀት ኮላ ያላቅቃል፤ እርሱን መልሼ አጣብቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ባለ ቆዳውን አነሣ። ገልብጦ አየው፣ ሆዱን በስንዝር ለካ፣ ምሰሶዎቹ ገበቴውን የሚበሱበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ይህን ለሁለት ሳምንት ብትተዉልኝ ወንድሙን እሠራላችኋለሁ» አለ።

በዚህ መካከል አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ጎረቤት በበሩ ሲያልፍ ክራሩን አይቶ ገባ። «ረባባ!» አለ እየሳቀ። እነርሱም ዘንድ ገበቴው በቆዳ የተለበደ፣ ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ያለው መሣሪያ አለ። ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከሱዳን ጠምቡር ጀምሮ በምዕራብ ኬንያ ሉዎዎች እስከሚጫወቱት 8 ክር ያለው ኛቲቲ ድረስ ይህ መሣሪያ በዓባይ ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች ሁሉ ዘመድ ነው። እኛ «የእኛ ብቻ» የምንለው ክራር በዚህ ካምፕ ውስጥ እንኳ አጎትና አክስት አለው። ሰውየው ቆዳ እንዴት እንደሚወጠር ለፉንዲ በእጁ አሳየው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ይጎተታል፣ ከኋላ በጠፍር ይታሰራል፣ ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ይሰነጠቃል።

ረቡዕ ማታ አዋጪዎቹን ሰበሰብን። ከ47ቱ 39 መጡ። የታየውን ሁሉ፣ ሣጥኑ ሦስቱን ፈተና ማለፉን ሳንደብቅ፣ ነገርናቸው። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ሣጥኑ እንዲገዛ አጥብቆ የተከራከረው በሠርግ ላይ የሚዘፍን አንድ ወጣት ነው። ክርክሩ ጥሩ ስለ ነበር በሙሉ እንጽፈዋለን። «ድምፁ ይበልጣል፤ 11 ሰው መስክሯል። ልጆቹ ራሳቸው ይቃኙታል። ሙቀት አይረብሸውም። ከሁሉም በላይ ፒክአፕ ስላለው በሠርግ ላይ ይሠራል። አንድ ሠርግ 1,500 ሽልንግ ቢከፍል በስድስት ሠርግ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ለልጆቹ ደብተር ይሆናል። ባለ ቆዳው ግን ምን ያስገባል?» አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኛም መልስ አልነበረንም ማለት ይቻላል። ያለን አንድ ነገር ነው፤ ሠርግ የሚደረገው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ልጆቹ የሚማሩትም ቅዳሜ ማታ ነው። ገንዘብ የሚያመጣ ክራር የገንዘቡ ቀን ሲደርስ ከልጆቹ እጅ መውሰዱ አይቀርም። ይህን ብንል ወጣቱ «ቀኑን ትለውጣላችሁ» አለን። ይህም ቢሆን አያስኬድም አይባልም።

ያን ጊዜ ቡና አፍዪዋ እናታችን ረከቦቱን ገፋ አድርገው «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «አባቴ ከብት ሲገዛ ከጎኑ እቆም ነበር። በቅሎ ታምራለች፤ ትሰግራለች፣ ጭነት ትችላለች፣ በሽታ አይደፍራትም። ላም ግን ሆዷ ይነፋል፣ ሣር ታማርጣለች፣ በበጋ ትከሳለች። አባቴ ግን ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የበቃ ጊዜ በቅሎ ገዝቶ አያውቅም። እስቲ ንገሩኝ፤ ከነዚህ ከሁለቱ የምትወልደው የትኛዋ ናት?»

ቤቱ ዝም አለ። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የተማርነው ትምህርት ትዝ አለን። የገጠር መምህር ሆነን እንደምንመደብ ስለሚታወቅ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ከሚገኝ ነገር እንድንሠራ ያሠለጥኑን ነበር። ከጭቃ ሉል፣ ከጠርሙስ ክዳን መቁጠሪያ፣ ከካርቶን ሰዓት እንሠራ ነበር። ያኔ ነገሩን የድህነት ዘዴ አድርገን ነበር የምናየው። ነገር ግን ከካርቶን የተሠራ ሰዓት ከፋብሪካው የሚበልጥበት አንድ መንገድ አለ። ልጁ እቤቱ ሄዶ ይሠራዋል። የፋብሪካው ሰዓት በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሆኖ ይኖርና ባትሪው ሲያልቅ ይሞታል። የካርቶኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ 40 ይሆናል። ይህን ለተሰብሳቢዎቹ ነገርናቸው፤ የፉንዲንም ቃል ጨመርንበት። 3,400 ሽልንግ እንደሚተርፈንም አስታወስናቸው።

በእጅ ብልጫ ተወሰነ፤ 22 ለባለ ቆዳው፣ 17 ለሣጥኑ። ሁሉም በአንድ ልብ ተስማማ ብለን አንጽፍም። ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ። ሐሙስ ማለዳ ነጋዴው ሲመጣ ሣጥኑን አብሰን መለስንለት፤ 6,000 ሽልንግ ቆጥረን ሰጠነው። የተንሸራተተውንም መቃኛ አሳየነው፤ «ለሚቀጥለው ገዢ እነግራለሁ» አለን።

የቀረው 3,400 እንዴት እንደ ዋለ መዋጮ ያወጣ ሰው የማወቅ መብት አለው። 600 ሽልንግ ለሁለት የፍየል ቆዳ፣ 200 ለናይለን ክር፣ 450 ለእንጨት፣ 1,500 ለፉንዲ የእጅ ዋጋ፣ 250 አቧራ ለሚከላከል የጨርቅ ከረጢት፤ ጠቅላላ 3,000። 400 ሽልንግ በቡና ቆርቆሮው ውስጥ አለ።

ፉንዲ ምሰሶና ቀንበሩን የሠራው በየላጋው ዳር ከሚበቅለው፣ ማቴንጌ ከሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል፤ ለገበቴ ግን ስለሚያስቸግረው ለስላሳ እንጨት ከገበያ ገዛ። ገበቴውን በመሮ ለመፈልፈል 9 ቀን ፈጀበት። ሁለተኛውን ክራር ግን ቶሎ አደረሰው፤ በገበቴ ፋንታ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ቆዳ ለበደበት። በቀንበሮቹም ላይ በጥምጥሙ ፈንታ የእንጨት መቃኛ ሰካባቸው፤ ያቺ የ11 ዓመት ልጅ አሁን ያለ ጥርስ እርዳታ ትቃኛለች። እውነቱን ለመናገር የተፈለፈለው ከዋናው ብዙ አያንስም። የቆርቆሮው ድምፅ ግን ቀጭንና ጩኸት የበዛበት ነው። ልጆቹ ይሻሙበታል። ምክንያቱ ገብቶናል፤ ቢወድቅ የሚቆጣቸው የለም።

የሙቀቱ ነገር እንዳለ ነው። ባለ ቆዳው አሁንም ቀን ቀን ይሸሻል። እኛም ትምህርቱን ፀሐይ ከገባች በኋላ አደረግነው፤ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ደግሞ ለመቃኘት መደብነው። ጋሼ የመጀመሪያውን ክር በጆሯቸው ያስተካክላሉ፤ ልጆቹ ቀሪዎቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እያሉ በድምፃቸው ፈልገው ያገኛሉ። ከ26ቱ 11ዱ ዛሬ ያለ እኛ እርዳታ ትዝታ ይቃኛሉ። የማይዛባ ክራር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰዓት ለመቃኘት አንሰጥም ነበር፤ ልጆቹም የተቃኘ ክራር ተቀብለው ይመቱ ነበር። በሌላ በኩል በዚያ ሰዓት ሦስት ተጨማሪ ዘፈን ይማሩ ነበር የሚል ሰው ቢኖር አንከራከረውም።

ወጣቱ ለአምስት ሳምንት ሳይመጣ ቆየ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሠርግ በሌለበት ማታ መጥቶ ከኋላ ቆመ። የልጆቹ ክራር ሲጣመም አላስችለው ብሎ ገብቶ ቃኘላቸው። አሁን ሠርግ በሌለበት ቅዳሜ ሁሉ ይመጣል። ሣጥኑ ይሻል ነበር የሚለውን ሐሳቡን አልለወጠም፤ እኛም እንዲለውጥ አልጠየቅነውም። ምናልባትም ለሠርግ ዘፋኝ እርሱ ትክክል ነው። ለአንድ ሥራ የሚሻለው ለሌላው ላይሻል ይችላል፤ ዋጋው የሚነግረን ደግሞ የዕቃውን እንጂ የሥራውን አይደለም።

ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ መሣሪያ ሊገዛ የሚያስብ ሰው፣ ክራርም ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ የምንመክረው ይህን ነው። ባለ ዕቃው ከፈቀደ ጥቂት ቀን አቆዩት። በማለዳም በእኩለ ቀንም ሞክሩት። የሚሠራበት ሰው እጅ ላይ አድርጋችሁ እዩት እንጂ በገዢው እጅ ብቻ አትፍረዱ። ሲሰበር የሚጠግነው ሰው በእግር በምትደርሱበት ቦታ እንዳለ አረጋግጡ። ገንዘባችሁንም በሙሉ በዋጋው ላይ አትጨርሱ፤ ከዋጋው በኋላ የሚመጣ ወጪ ሁልጊዜ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለቱ ቢቀራረቡባችሁ የእናታችንን ጥያቄ ጠይቁ።

ፉንዲ አራተኛውን ክራር ለመጀመር ፈቃደኛ ነው፤ ሁለት ልጆችም አብረውት መሥራት ሊማሩ ተመዝግበዋል። ለዚህ አዲስ መዋጮ አንጠይቅም፤ 400 ሽልንጉ ለቆዳና ለክር ይበቃል። የጎደለን ገበቴ ነው። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ያላችሁ አትጣሉት፤ አጥባችሁ ቅዳሜ ማታ ይዛችሁልን ኑ።